የጎማና የፓራፋንጎ ድንበር

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የተነሣሁበት ጉዳይ ስፋቱ ከጥቂት ጣት የማይበልጥ ነገር ነው። ይኸውም በአውቶሞቢል ጎማና ከጎማው በላይ እንደ ቅስት በተደፋው ላሜራ፥ ማለት ባለ ጋራዦች ፓራፋንጎ በሚሉት ክዳን መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከእናንተ መካከል «ቢሮ ውለን ደክሞን ስንገባ ስለ ባዶ ቦታ ንግግር ልንሰማ ነውን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም አስቀድሞ እንደዚሁ አስብ ነበር። ዳሩ ግን ይህ ባዶ የመሰለ ቦታ ባለመለካቱ ምክንያት አንዲት ልጅ ከነአባቷ ለጥቂት እንደ ተረፈች ከሰማሁ ወዲህ አሳቤን ለውጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ፥ በዕድሜ ታላቄ ስለ ሆነ ጋሼ እያልሁ የምጠራው፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር ሰው ነው። ሙያው የሒሳብ ሥራ ነው። ይህ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና፥ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የተሠራ ዳትሰን 240ዜድ፥ ከብዙ ዘመን ቁጠባ በኋላ ገዛ።

ስለ መኪናው ጥቂት ልንገራችሁ። የጃፓን የኒሳን ኩባንያ ይህን መኪና እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በአገሩ «ፌርሌዲ ዜድ» ብሎ አቀረበው። በአሜሪካ ገበያ ደግሞ 240ዜድ ተብሎ በመጀመሪያ በ3,526 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፥ አፍንጫው ረዥም፥ ጀርባው ተዳፋት፥ ሞተሩም ባለ 6 ሲሊንደር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1973 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ በ260ዜድ ተተካ። ለእኛ አካባቢም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፥ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ሼካር መህታና ሎፍቲ ድሩስ ያሸነፉት በዚሁ በ240ዜድ ነበር። ያን የመሰለውን አቧራና ጭቃ፥ ጉድጓድና ድንጋይ የቻለ መኪና ነው ማለት ነው።

ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት የብረት ቸርኬ ስፋቱ 4.5 ኢንች፥ ቁመቱ 14 ኢንች ነበር። በላዩ የሚለብሰው ጎማ 175 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ለዛሬ ሰው ዓይን ይህ ቀጭን ነው። ፓራፋንጎው ሰፋ ብሎ ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል፥ መኪናውን ከጎን ለሚያየው ሰው የታላቅ ወንድሙን ኮት የለበሰ ልጅ ይመስላል። ጋሼንም ያላስደሰተው ይኸው ነበር። ስለዚህ ሌላ ሳይጠይቅ ስፋቱ 8 ኢንች፥ ቁመቱ 15 ኢንች የሆነ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አራት ገዛ፤ በላዩም 225/50 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ሰፊ ጎማ አስለበሰ። ሻጩ «ይገባል» ብሎት ነበር። አዎን፥ ገባ። ነገር ግን መኪናው ቆሞ ሳለ መግባትና ሲሄድ መግባት ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ ያ ክፍተት ለምን እንደ ተተወ እንመልከት። የመኪና ጎማ የሚሽከረከር ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጉብታ ሲያገኝ ሞላውን ጨቁኖ ወደ ላይ ይወጣል። የፊት ጎማ ደግሞ መሪው ሲጠመዘዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። መኪናው በኩርባ ላይ ሲፈጥን በውጭ በኩል ያለው ጎማ ሸክሙ ስለሚበዛበት ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። ሰውና ዕቃ ሲጫንም አካሉ ዝቅ ይላል። እነዚህ ሁሉ እንቅስቃሴዎች በአንድ ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። መሐንዲሱ ያን ቦታ ሲተው ላሜራ በዝቶበት አይደለም፤ ጎማው በሥራው ላይ ሳለ የሚረግጠውን ድንበር አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ባዶ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ባለቤቱም የጎማው እንቅስቃሴ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ቢሮ የምትውሉ ሰዎች ስለሆናችሁ ቁጥር አያስፈራችሁም። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከ4.5 ኢንች ወደ 8 ኢንች ሲኬድ ቸርኬው በ3.5 ኢንች፥ ማለት በ88.9 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የቸርኬው መካከለኛ መስመር በቦታው ቢቀር ኖሮ፥ ጭማሪው እኩል ተካፍሎ 44 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውጭ፥ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥ በሄደ ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ሁለተኛ ልክ አለ። ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚቀመጥበት ፊት ከቸርኬው መካከለኛ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ባለሙያዎች ኦፍሴት ይሉታል። ይህ ቁጥር ሲለወጥ ቸርኬው ሳይሰፋም እንኳ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይሄዳል። የጋሼ አዲሱ ቸርኬ በዚህ ልክ ከአሮጌው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ የተገፋ ነበር። ስለዚህ የውጭው ጠርዝ ከ54 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ፓራፋንጎው ወጣ፤ የውስጡ ጠርዝ ደግሞ ከ34 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ገባ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ብቻ ነበር። የሒሳብ ሰው የሆነው ወንድሜ ግን ዕለት ዕለት የሌላውን ሒሳብ ሲመረምር፥ የራሱን ሳይመረምር ቀረ።

ወደ ውስጥ መግባቱስ ምን ይጎዳል? የሚል ቢኖር፥ በ240ዜድ ላይ ከፊትም ከኋላም በእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን የመንገጫገጩን ኃይል የሚያበርድ ቋሚ ቱቦ አለ። በቱቦው ዙሪያ ሞላው የሚቀመጥበት እንደ ሳሕን ያለ ብረት ተበይዷል። ጎማው ወደ ውስጥ ሲሰፋ ትከሻው ይህን ብረት ይጠጋል። ከፊት በኩልም ወደ ፍሬኑ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ በዚያው ሰፈር ያልፋል። መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ይህን ቱቦ ደጋግሞ ቢነካው ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም። በተጨማሪም የፊት ጎማ ሲዞር የፊተኛው ጠርዙ የፓራፋንጎውን የታችኛውን ማዕዘን ይፈልጋል። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ የተለካ ልክ ለዚህ አይበቃም።

ጋሼ ሌላም ስሕተት ጨመረ። የቀድሞው ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። አዲሱ ግን ሲሰላ 606 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሁለቱ ጎን ቁመት 225፥ የቸርኬው ደግሞ 381 ሚሊ ሜትር ተደምሮ ነው። ስለዚህ ጎማው ሰፋ እንጂ ቁመቱ አጠረ፤ በአናቱና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቶ ታየ። በዚያውም የፍጥነት መለኪያው መርፌ 100 ሲያመለክት መኪናው በእውነት የሚሄደው 95 ገደማ ሆነ። ጋሼ ይህን የሰፋ ክፍተት ሲያይ ተናደደና አጫጭር ሞላ አስገጥሞ መኪናውን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አደረገው። አሁን ዓይኑ ረካ። ነገር ግን ጎማው ወደ ላይ ለመውጣት የነበረው መንገድ በዚያው ልክ ተቀነሰ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መኪናው እየተናገረ ባለቤቱ አልሰማም። በጉብታ ላይ ሲያልፍ ከኋላ በኩል የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፤ መኪናው ሲቆምም የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ይሸታል። ጋሼ «አሮጌ መኪና ነው፥ ያሰማል» እያለ አለፈው። አንድ ቅዳሜ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ፥ ከኋላ ዕቃ ጭኖ፥ በአውራ ጎዳና ሲጓዝ የድልድይ መጋጠሚያ ላይ ደረሰ። መኪናው ከኋላ ረገጥ ሲል የቀኙ ፓራፋንጎ የታጠፈ ጠርዝ እንደ ቢላዋ የጎማውን ትከሻ ቆረጠው። አየሩ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የመኪናው ጀርባ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ከኋላቸው የሚመጣው ከባድ መኪና ነጂ ቀድሞ አይቶ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። በመንገዱ ዳር ከቆሙ በኋላ ልጅቱ አባቷን «አባባ፥ ይኸን ድምፅ እኮ ባለፈው ሳምንትም ሰምቼው ነበር» አለችው። ጋሼ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት በመጣ ጊዜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚያም ከኪሱ ጣት የሚያህል የጎማ ቁራጭ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። በተቆረጠው ፊት ላይ የጎማው ክሮች እንደ ተበጠሰ ጨርቅ ተነቃቅለው ይታያሉ።

ይህን ክር ልብ በሉት። የጎማ ጎን ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ አየሩን አቅፈው የሚይዙት በላስቲኩ ውስጥ የተሠሩት ክሮች ናቸው። ጎማው መንገዱን የሚረግጥበት ፊት ወፍራም ሲሆን ጎኑ ግን ስስ ነው። በጎን የተቆረጠ ጎማ እንደ ተራ ቀዳዳ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ አይጠገንም፤ ይጣላል።

ወደ ነገራችን እንመለስና፥ መኪናው እንዴት ዳነ? አንድ በዕድሜ የገፋ መካኒክ መጀመሪያ ያደረገው ቸርኬ መቀየር አልነበረም፤ መለካት ነበር። መኪናውን በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳረፈና ሞላዎቹን አወጣ። ጎማውን መልሶ ገጠመና በክሪክ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ላይ ገፋው። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞረው። በፓራፋንጎው ጠርዝ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበትን ለስላሳ ጭቃ ለጠፈ፤ ጎማው የነካበት ቦታ ሁሉ በጭቃው ላይ ታተመ። በዚህ ዓይነት ድንበሩ የት እንደ ሆነ በግምት ሳይሆን በምልክት ታወቀ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካውን ቁመት የሚጠብቅ ሞላ መለሰለት፤ ስፋቱ 6 ኢንች፥ ቁመቱ 15 ኢንች የሆነ ቸርኬም በተስማሚ ኦፍሴት መረጠለት። ጎማው 195/65 ሆነ፤ ቁመቱ ሲሰላ 634 ሚሊ ሜትር ተኩል ስለሆነ ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ ነው። ቸርኬው በእያንዳንዱ ጎን የጨመረው 19 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪናው ከቀድሞው ይልቅ መሬት ጨበጠ፥ አማረም፤ ድንበርም አላፈረሰም።

ሌሎች ሰዎች የሚጠቀሙባቸው መንገዶችም አሉ፤ እያንዳንዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ቀለሙ በሙቀት ካልለሰለሰና ላሜራው በዝግታ ካልታጠፈ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውኃ ገብቶ ዝገት ይጀምራል። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ዝገቱ ቀድሞውኑ በእጥፉ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። በኋለኛው ፓራፋንጎ የውጩና የውስጡ ላሜራ በዚያ ጠርዝ ላይ በነጠብጣብ ብየዳ የተያያዙ ስለሆነ፥ ጠርዙን ቆርጦ ሳይበይዱ መተው አካሉን ማፍረስ ነው።

ሁለተኛው፥ ጎማው ውስጡን ሲነካ በሞዞውና በቸርኬው መካከል ስፔሰር የሚባለውን ክብ ብረት ማስገባት ነው። ይህ ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ዳዶው ብሎኑን የሚይዝበትን ጥርስ ይቀንሰዋል። የ240ዜድ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ርዝመት መያዝ አለበት የሚለው የባለሙያዎች ደንብ ነውና፥ ስፔሰር ሲገባ ረዘም ያለ ብሎን ማስፈለጉን መርሳት አይገባም። ጎማው በራቀ መጠንም ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል፥ መሪውም ይከብዳል።

ሦስተኛው ፓራፋንጎውን ራሱን ማስፋት ነው። ኩባንያው ራሱ ያደረገው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በጃፓን ፌርሌዲ 240ዜድጂ የተባለውን ሲያወጣ፥ በፓራፋንጎዎቹ ላይ ተጨማሪ ሽፋን ስለ ገጠመ የመኪናው ስፋት ከ1,630 ወደ 1,690 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ፤ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ልብ በሉ፤ መኪናውን የሠሩት ሰዎች ስፋት ባስፈለጋቸው ጊዜ ቤቱን አሰፉ እንጂ የእንግዳውን እግር ለመቁረጥ አልተነሡም።

«እኛ የስፖርት መኪና የለንም፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል ያገለገለ መኪና የገዛ፥ ከመግዛቱ በፊትም ጎማውና ቸርኬው በማን እጅ እንደ ተለወጠ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ፥ ሞተሩ ጠፍቶ፥ መኪናው በደልዳላ ሥፍራ ቆሞ ሳለ፥ የሚከተለውን አድርጉ። ከቸርኬው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ፤ ግራና ቀኙ ካልተካከለ አንዱ ሞላ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ከጎማው አናት ሳይሆን ከቸርኬው መካከል የምትለኩበት ምክንያት፥ የጎማው ዓይነትና የአየሩ መጠን ልኩን እንዳያሳስታችሁ ነው። መሪውን ወደ አንድ ዳር አዙራችሁ የጎማውን የውስጥ ትከሻ ተመልከቱ፤ የተፋቀና የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ አንድ ነገር እየነካው ነው። ከፓራፋንጎው ሥር የላስቲክ ብናኝ ወይም ቀለሙ የተላጠ ቦታ ብታገኙ ትርጉሙ ያው ነው። ከዚያም ቤተ ሰባችሁን አስቀምጣችሁ፥ ለጉዞ የምትጭኑትን ዕቃ ጭናችሁ ክፍተቱን እንደገና እዩት። መኪና የሚለካው ባዶውን ሳይሆን ቤተ ሰብ ሲሸከም ነውና። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ግን ከቶ አትግቡ።

ማማር የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም መኪና እንዳይጌጥ አልመክርም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት መጠምጠሙን ነቅፈው አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ለማስተማር ነው። ከመግዛት በፊት መለካት፥ ከመለካትም በፊት ምን እንደሚለካ ማወቅ ይቅደም። ድምፅ ስትሰሙም «ያሰማል» ብላችሁ አትለፉ፤ ልጆቻችሁ ሰምተው ቢነግሯችሁም አዳምጧቸው።

ያ የጎማ ቁራጭ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጋሼ ሲሄድ «አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ለሚጠይቅህ ሰው አሳየው» ብሎ ትቶልኝ ነው። እነሆ፥ ባላሳያችሁም ነገርኋችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ድረስ በጤና ቆዩን።